ለግራ እጅ የተሠራ መቀስ

ቅዳሜ ከሰዓት የእኔ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ መዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ እከርምና፣ ቅዳሜ ምሳዬን በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ። ከዚያ ያለፈ ምኞት አልነበረኝም። እሷንም ሙዚየም ወሰደብኝ።

ነገሩ የመጣው ከልጄ ትምህርት ቤት ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ ባለቤቴን ጠርታ፣ ማንበቡንስ ታነባለች፣ በእጅ የሚሠራ ነገር ሲሰጣት ግን እጆቿን ጠረጴዛ ሥር ደብቃ ትቀመጣለች አለቻት። ባለቤቴ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣች። ጠይቃ አጠያይቃ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ አንድ የልጆች ሙዚየም እንዳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጅና ልጅ አብረው የሚሠሩበት ፕሮግራም እንዳላቸው ሰማች። እሷ ቅዳሜም ሥራ ትገባለች። ስለዚህ አንተ ትወስዳታለህ ተባልኩ። ሙዚየም ዕቃ የሚታይበት እንጂ የሚሠራበት ነው እንዴ ብዬ ተነጫነጭኩ። መነጫነጭ ልማዴ ስለሆነ ማንም አልሰማኝም።

ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ለመያዝ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ቆየን። ስንደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬ ጠቦኛል። በሩ ላይ "መንካት ይቻላል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ውስጥ ያሉት ወንበሮች የሕፃን ስለሆኑ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬ ሥር ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ካርቶን፣ ኮላ፣ ቆርኪና መቀስ ተደርድሯል። ፕሮግራሙን የምትመራው ወጣት ሴት፣ ዛሬ ሚኒባስ ታክሲ እንሠራለን፣ ጎማው ቆርኪ ነው፣ ወላጆች ታግዛላችሁ እንጂ አትሠሩም አለች። አጠገቤ ያለው አባት ይህን እየሰማ የልጁን ካርቶን ወስዶ መቁረጥ ጀምሯል።

ልጄ መቀሱን በግራ እጇ አነሳች። እኔም ተቀብዬ በቀኟ አስያዝኳት። ማንኪያ መያዝ ከጀመረችበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ማንኪያውን፣ እርሳሱን፣ ማበጠሪያውን። እጄ ከእኔ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው የሚሄደው። ፕሮግራሙን የምትመራው ወጣት ግን አየችኝ።

"ጋሼ፣ ግራኝ ናት እንዴ?"

"አይ፣ ትተወዋለች" አልኳት፣ ጉንፋን የያዛት ይመስል።

ይህን የምለው እኔ ራሴ ግራኝ ሆኜ ነው። ማለቴ ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ምግብ ሲቀርብ እናቴ ግራ እጄን በጨርቅ ትጠቀልልብኝ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። ከሰው ጋር አንድ ትሪ ላይ ግራውን የሚሰድ ልጅ ቤቱን ያሰድባል። እኔም ተውኩት። እስከ ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጽሑፌን ሲያዩ ዶሮ የጫረው ነው እያሉ ይስቁብኛል፣ አብሬ እስቃለሁ። በልጄ ላይ ያንኑ ደገምኩት። ጨርቅ ስላልተጠቀምኩ ብቻ የተሻልኩ መስሎኝ ነበር።

ወጣቷ ከመሳቢያ ውስጥ እጀታው አረንጓዴ የሆነ መቀስ አውጥታ መጣች። "ይኼ ለግራ እጅ የተሠራ ነው" አለች። ተቀብዬ አገላበጥኩት። ስለቶቹ ቦታ ተቀያይረዋል። አርባ ሦስት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ስለ እኛ አስቦ ነበር ማለት ነው። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

"በግራሽ ቁረጪ፣ የኔ እናት" አልኳት።

መቀሱን ሳይሆን ፊቴን ነው ያየችው። በግራዋ ያዘችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ወደ ቀኟ አዛወረችው። "ምንም አልልሽም እኮ" አልኩ። አሁንም በቀኟ። ካርቶኑ ተቀደደ። መቀሱን አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጠረጴዛ ሥር ከተተቻቸው።

አስተማሪዋ ያየችው ይህን ነበር። የምትደበቀው ከእኔ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ትምህርት ቤት እንኳ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ከእኔ ነበር የምትደበቀው።

ሳምንቱም፣ ሰልፉም፣ ይኼም ተደማምሮ አቅም አሳጣኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ የእውነት ደክሞኝ ነው። ትንሽ ቆይቶ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና። እየቆየ ድምፁ ተቃና፣ ማቋረጥ ተወ። አንድ ዓይኔን በስሱ ገለጥ አደረግኩ። አረንጓዴው መቀስ ግራ እጇ ላይ ነው፣ የታክሲውን መስኮት ዙሪያውን ትቆርጣለች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። ቶሎ ጨፈንኩ። እንዲያውም ትንሽ አንኮራፋሁ። ባለቤቴ በማንኮራፋት የሚደርስብህ የለም ትለኛለች።

ወጣቷ መጣች። "ውይ፣ እንዴት ያምራል! በይ አባትሽን ቀስቅሺውና አሳዪው።"

"አይ፣ ይተኛ" አለች ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሲነቃ በቀኜ ነው የሠራሁት እለዋለሁ።"

ዓይኔን ብገልጥ መቀሱን እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ። የቀሩትን መስኮቶች ቆርጣ እስክትጨርስ ድረስ እንደተኛሁ ቆየሁ።