የተላጠው ዘር

በዚህ ነገር ውስጥ ሦስት ሰዎች አለን። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከአጥሬ ማዶ ያሉ ጎረቤቴ። ማስተዋል፣ የመጀመሪያ ልጄ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። አንተ የምታነብ፣ ከአንተ በፊት የሰማት የለም።

እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ልጃቸውን ቀብረው ከአልጋ አልነሣ ብለው ነበር። የሚያጽናናቸው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አንድ ጠዋት ግን መቆፈሪያ ይዘው ጓሯቸው ወጡ። ጎመን ዘሩ፤ በቀለ። ከጎመኑ ጋር ድምፃቸውም ተመለሰ። «ምነው አንተ፣ ዛሬ አኮረፍኸኝ?» እያሉ ጎመኑን ሲኮተኩቱ እሰማ ነበር። እኔም «አፈር ሐኪም ነው» ብዬ ለልጆቼ ሰበክሁ። ሰባኪው እኔ!

ዝናብ ሲቃረብ ዘር ሊለምኑኝ መጡ። «አያ ተሻለ፣ በደባርቅ እንደ እርስዎ ነጭ ሽንኩርት የሚያወጣ የለም ይላሉ። እስቲ ከዘርዎ ይስጡኝ።»

በእኛ ዘንድ ዘር የለመነን ጎረቤት ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነው። የእኔ ሽንኩርት ግን ታሞ ነበር፤ ሥሩ በስብሶ፣ ራሱ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ሻጋታ ወጥቶበት። ይህ በሽታ አንዴ የገባበት መሬት ለዓመታት እንደማይድን አውቃለሁ። «ታሞብኛል» ማለት ምን ነበረበት? ለስሜ ፈራሁ። ሻጋታውን ልጬ፣ ነጭ ነጩን መርጬ በቁና ሰፈርሁላቸው።

ማስተዋል አየችኝ። «አባባ፣ ይኼ እኮ በሽተኛ ነው።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ገበሬ ሆንሽ? ዝም በይ!»

የላጥሁት እኔ ነኝ። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጄን ዝም ያሰኘሁ እኔ ነኝ።

ሽንኩርቱ በቀለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ወደቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ሲነቅሉት ሥሩ እጃቸው ላይ ቀለጠ። በአጥሩ በኩል አዩኝና «ልጄን ያላቆየ እጅ ምን ሊያበቅል ኖሯል!» አሉ። እኔስ ምን አልሁ? «እግዜር ያውቃል» አልሁ። እኔም እያወቅሁ!

ከዚያ ወዲያ መቆፈሪያ አልነኩም። ጎመኑን ፍየል በላው። ማስተዋል ዛሬ ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ በሚባለው ስፍራ ትሠራለች፤ ስትመጣ ምክር ከጀመርሁ «አባባ፣ ይኼ የተላጠው ነው ያልተላጠው?» ትለኛለች።

በቀደም የጌሾ ችግኝ ወሰድሁላቸው፤ እንደ መካሻ መሆኑ ነው። «ይመልሱት አያ ተሻለ፤ እኔ እገድለዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልሁም። ተነሥቼ አጥሩ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ፤ እንደገና እሄዳለሁ። የሸፈንሁት ከሥር እየበሰበሰ ነው።

ዛሬ በራቸውን አንኳኳለሁ። ይቅር እንዲሉኝ አይደለም፤ እጃቸው ንጹሕ መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ሰበብ የለኝም። የከፈልነው ይኸው ነው፤ የእሳቸው ጓሮ፣ የልጄ እምነት፣ ከዛሬ ወዲያ ደግሞ የእኔ ስም። ከሦስቱ ርካሹ ስሜ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያተረፍሁትም እሱን ብቻ ነው።