ኢንጂነሩን ያስመሰከርኩበት ጉባኤ

ኢንጂነር ሠረቀብርሃንን አሥር ዓመት ጠበቅሁት። በእነዚያ ዓመታት ልጅ ድሬያለሁ፣ ሚስት ቀብሬያለሁ፣ ቤት ተቃጥሎብኝ መልሼ ሠርቻለሁ። እሱን ግን አንድም ቀን አልረሳሁትም። «ተወው፣ ለጌታ ስጠው» የሚሉኝ የጸሎት ቤት ወንድሞች ነበሩ። እኔ ቂሜን እንደ ቆጮ በቅጠል ጠቅልዬ ቀብሬው ነበር፤ በቆየ ቁጥር ይበስል ነበር እንጂ አልጠፋም።

የወናጎ ተወላጅ ገመድ ሠሪ ነኝ፤ ስሜ ሽብሩ ይባላል። አባቴም ገመድ ሠሪ ነበር። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚወጣውን ቃጫ እንገዛለን፣ እናደርቃለን፣ እናበጥራለን፣ እንገምዳለን። አዲስ ገመድ ሸክም ከመያዙ በፊት ድንጋይ ታስሮበት ሦስት ቀን ዛፍ ላይ ይሰቀላል። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ እየቆየ ይጠነክራል፤ ድንጋዩ ሲወርድለትም ወደ ድሮ ርዝመቱ አይመለስም። ያልተሰቀለ ገመድ ካገለገለ ገመድ ጋር አንድ ሸክም ላይ አይታሰርም። አዲሱ እየተለጠጠ ሲዘገይ ሸክሙ ሁሉ አሮጌው ላይ እንደሚወድቅ አባቴ ገና በልጅነቴ አሳይቶኛል።

በ1954 ዓ.ም. አንድ ነጋዴ ከጨለለቅቱ በታች ወንዝ ዳር የቡና መቀሸሪያ ሞተር ለመትከል አሰበ። ሞተሩን በገደሉ ቁልቁል የሚያወርድ ኢንጂነር ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሠረቀብርሃን ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ውጭ አገር የተማረ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ጎልማሳ። ከእኔ አንድ ወፍራም ገመድ በጥድፊያ ታዘዘ። ጠዋት ጨርሼ ከሰዓት አስረከብኩ፤ ለመስቀል ጊዜ አልተሰጠኝም። እሱም ከመኪናው ዓመታት ያገለገለ ሌላ ገመድ አወጣ።

«አንዱ አምስት ኩንታል ይችላል፣ ሁለቱ አሥር ይችላሉ። ሞተሩ ስምንት ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ አዲሱና አሮጌው አብረው አይሆኑም። ሦስት ቀን ስጡኝ፣ አዲሱን ልስቀለው» አልኩት።

«ስድስት ዓመት የተማርኩት ከቃጫ ፈታይ ጋር ልከራከር ነው?» አለና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ገመድ ይሰቀላል ይላችኋል! ምን አጥፍቶ ነው የሚሰቀለው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሳቃቸው ገደሉን ሞላው።

«እሰር!» አለኝ።

ገመዶቹ ታሰሩ። ታናሽ ወንድሜ ሙሉካ ከታች ሆኖ የሞተሩን አቅጣጫ በእንጨት ያቀና ነበር። ሞተሩ ግማሽ መንገድ ሲደርስ አንደኛው ገመድ ጧ አለ፣ ትንፋሽ ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ። ሙሉካን ከሥሩ ስናወጣው ነፍሱ አልነበረችም።

ኢንጂነሩ በሦስተኛው ቀን ቃሉን ሰጠ፤ ገመድ ሠሪው የበሰበሰ ገመድ ሸጠልን አለ። የተማረ ሰው ቃል ነበርና ታመነ፤ እኔም ስምንት ወር ታሰርኩ። እስሩን ቻልኩት። ያልቻልኩት የሙሉካን ሚስት መነንን ነው። ስፈታ ቤቷ ሄጄ ደጁ ላይ ስቆም በሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ እርሻ ውስጥ ትገባ ነበር። ወናጎ ላይ ገመዴን የሚገዛ ጠፋ።

ፊደል የቆጠርኩት እስር ቤት ነው፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ። የተማርኩትም ለአንድ ነገር ነው፦ ሠረቀብርሃን የፈረመበትን ወረቀት በገዛ ዓይኔ ለማንበብ። «ገመዱ የበሰበሰ ነበር» የሚለው መስመር በሕይወቴ ሙሉውን ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚያ ዲላ ገብቼ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆንኩ። ይርጋ የሚባል የሳይንስ መምህር ነበር፤ አንድ ቀን ሞላ ላይ ክብደት እያንጠለጠለ ተማሪዎቹን ሲያስተምር በመስኮት አየሁት። ደወል ሲደወል ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል፣ ጋሽ ሽብሩ። ሕግ ነው» አለኝ።

«ገመድ ይህን ሕግ አያውቀውም» አልኩት።

ሳቀ፣ ግን እንደ ገደሉ ሠራተኞች አልሳቀም። በሳምንቱ እሑድ አብረን ገመድ ሰቅለን ለካን፤ እሱ ጻፈ፣ እኔ ድንጋይ ጨመርኩ። ሲጨርስ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና ታሪኬን ጠየቀኝ። ሁሉን ነገርኩት።

በ1964 ዓ.ም. ይርጋ ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ጫና ሲበዛባቸው በእኩል መጠን ስለማይለጠጡ ቁሶች የምሁራን ጉባኤ ሊደረግ ነበር። ስለ እንሰት ቃጫ የሚናገረው ኢንጂነር ሠረቀብርሃን ነው። ጋዜጣውን ራሴ አነበብኩት። በማግሥቱ ኮት ለማሰፋት ተለካሁ፤ ለዚያ ቀን የሰው ኮት መዋስ አልፈለግሁም።

አዳራሹ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፣ ግማሾቹ ፈረንጆች። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበርና ይርጋ በጆሮዬ ይተረጉምልኝ ነበር። ሠረቀብርሃን ወፍሯል፣ ጠጉሩ ሳስቷል። ሰሌዳው ላይ የጎበጠ መስመር ሠራ፤ ሲጫን በአንድ መንገድ ይወጣል፣ ሲራገፍ በሌላ መንገድ ይወርዳል። እንዲህ ተስሎ አይቼው ባላውቅም አወቅሁት። የአባቴ ሙያ ነበር።

ቀጥሎ «አዲስና ያገለገለ ገመድ ጎን ለጎን ቢታሰሩ ጫናውን እኩል አይካፈሉም። ይህን መጀመሪያ የለካሁት እኔ ነኝ» አለ። አጨበጨቡለት። እውነቱን ካወቀ ዓመታት አልፈውታል፤ ለፈረንጅ ሲነግር ለመነን አልነገረም።

ጥያቄ ተፈቀደ። ተነሣሁ። የአማርኛዬን አነጋገር ሲሰሙ ከፊት ያሉ ሁለት ወጣቶች ዞረው ፈገግ አሉ።

«አዲሱና አሮጌው ገመድ አብረው ቢታሰሩ የትኛው ቀድሞ ይበጠሳል?» አልኩ።

አላወቀኝም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባቴ። አሮጌው ነው። እሱ ስለማይለጠጥ ጫናው ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።»

«አዲሱስ?»

«ሙሉው ጫና በድንገት ይመጣበታል፤ እሱም ይከተላል።»

«የበሰበሰ ባይሆንም?»

«ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም ይበጠሳል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው በ54 ዓ.ም. ጨለለቅቱ ገደል ላይ፣ ወንድሜ ሙሉካ በሞተ ቀን፣ ቀድሞ የተበጠሰው ገመድ የማን ነበር?»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ፈረንጆቹ ምን እንዳልኩ እርስ በርስ ሲጠያየቁ ይርጋ ተነሥቶ ማንም ሳያዘው ከፍ ባለ ድምፅ በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ፈገግ ያሉት ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ።

ሰብሳቢው «ኢንጂነር፣ ይመልሱ እንጂ» አለው።

«የእኔ ነበር» አለ። ድምፁ ስለማይሰማ ሰብሳቢው አስደገመው። «ከእኔ መኪና የወጣው አሮጌው ገመድ ነበር።»

ውጭ ደረጃው ላይ ደርሶብኝ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሽ ሽብሩ፣ ልጅነት ነው፣ ፈርቼ ነው። እባክዎ እዚሁ ይለቅ።»

«አንቱታህን ለራስህ ያዘው። ወናጎ መጥተህ ለመነን በአፍህ ትነግራታለህ። ካልመጣህ በየጉባኤህ እመጣለሁ፤ መጠየቅ ተምሬአለሁ።»

በወሩ መጣ። በመነን ግቢ ውስጥ፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቆሞ ሁሉን ተናገረ፤ አንዱ ሽማግሌ በጌዴኦኛ ተረጎመላት። እያለቀሰ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ወደ ኋላ ራቅሁ። ሽማግሌዎቹ «በቃ፣ ይቅር በል» አሉኝ።

«እኔን ምን ይጠይቀኛል? ሙሉካን ይጠይቅ» አልኩ።

አንገቱን ደፍቶ ሄደ፣ መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ መነን ዞርኩ። አሥር ዓመት የተጠማሁትን ቃል ከአፏ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ እንደማይሆን ታውቅ ነበር» አለችኝ።

«አውቅ ነበር። ነግሬዋለሁ፣ ራሱ አመነልሽ እኮ።»

«ሰማሁ። ቋጠሮውን ማን አሰረው?»

«እሰር አለኝ።»

«ያዘዘውን አልጠየቅሁህም። ያሰረው ማን ነው?»

ያን ጥያቄ ፍርድ ቤትም፣ ይርጋም፣ ሠረቀብርሃንም አልጠየቁኝም ነበር። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ሳቁብኝ፣ አፈርኩ፣ አሰርኩት።»

«በሩን የዘጋሁብህ እኮ ይህን ከአፍህ እስክሰማ ነበር» አለችና ወደ ቤት ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሠረቀብርሃንን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ መሞቱን ስሰማም ለቅሶ አልደረስኩም። መነን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ እርሻ መግባቷን ተወች።