ጋሽ ይኹኔና ሽፋኑ ያልተነሣ ማሽን

ጋሽ ይኹኔ ከእኛ ጋር የሉም። በዚህ ክረምት መግቢያ፣ ከጤና ጣቢያችን ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንፋሻቸው ቆመ። የተቀበሩት በተወለዱባት በቢቸና ነው። በቀብራቸው ላይ ቆሜ መናገር ስላልቻልሁ፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ።

ጋሽ ይኹኔ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነበሩ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብሁት በእርሳቸው ሥር ነው። ሥራችን አንድ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ሕመምተኛውን ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ለመግዛትም ለማሠራትም ምን እንደሚያስወጣ መመዘን ነበር። እኔ ሰንጠረዥ ሳዘጋጅ፣ እርሳቸው ያው መሣሪያ ወዳለበት ቦታ ይሄዱና መጀመሪያ የጽዳት ሠራተኛዋን ያነጋግራሉ። «የገዛው ሰው ያሞግሰዋል፤ እውነቱን የምትነግርሽ አቧራውን የምትወለውለው ናት» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ሞጣ ወደሚገኝ አንድ ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ። በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ይኹኔ ስለ ክሊኒኩ አልትራሳውንድ ጠየቋቸው።

«ሽፋኑን በየሳምንቱ አጥባለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «እሱን ግን ከእኔ በቀር የነካው የለም። የሚያውቅበት ልጅ ወዲያው ተዛወረ።»

«እንግዲያው ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት» ብለው አሣቋቸው።

ባለፈው ዓመት የአካባቢው ተወላጆች ለጤና ጣቢያችን አልትራሳውንድ ሊገዙ ተነሡ። ጋሽ ይኹኔ ግን የመሣሪያውን ምስል የሚያነብ ሰው ስለሌለን፣ ከአየር ኦክስጅን የሚያመርቱ ሁለት ትንንሽ ማሽኖች ከፀሐይ ኃይል ጋር ቢገዙ ይሻላል አሉ። ያለችን አንዲት የኦክስጅን ሲሊንደር ናት፤ እርሷም ሩቅ ሄዳ ነው የምትሞላው። አንድ ጊዜ ሳንባውን የታመመ ሕፃን ወደ ሞጣ ሆስፒታል ሲላክ፣ ጋሽ ይኹኔ ሲሊንደሯን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ከእናቲቱ ጎን ተቀምጠው ሄዱ። ማንም አላዘዛቸውም።

ወራት ፈጅተን ጥናቱን ጨረስን። ተወላጆቹ የሚወስኑበት ስብሰባ ሲደርስ የቆየው የሳንባ ሕመማቸው ተነሣባቸውና እኔን ላኩኝ።

«ወረቀት አይናገርም፣ ልጄ። አንቺ ተናገሪ» አሉኝ።

ወረቀቱን አደልሁ። ሰብሳቢው የሚያስረዳ እንዳለ ሲጠይቁ፣ ጫማዬን እያየሁ ዝም አልሁ። ሻይ እንኳ ሳይመጣ አልትራሳውንዱ እንዲገዛ ተወሰነ።

ስነግራቸው አልተቆጡም። «ጠየቁሽ?» ብቻ አሉ። መጠየቃቸውን ነገርኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሕመማቸው የጠና ዕለት ሲሊንደሯ መንገድ ላይ አለቀች። ኦክስጅኑ ቢበቃ ኖሮ ይተርፉ ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ እርሳቸውም ያለ ማስረጃ መናገርን አይወዱም ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ የማስበው ነገር የለም።

ጋሼ፣ በአርባዎ ማግስት የእኛኑ የጽዳት ሠራተኛ ስለ አልትራሳውንዱ ጠየቅኋት። ሽፋኑን በየሳምንቱ ታጥባለች። ሲሊንደሯ ዛሬም አንድ ናት። ሕፃናቱ ዛሬም ወደ ሞጣ ይላካሉ፤ ከእናቶቻቸው ጎን የሚቀመጥ ግን የለም። በሰላም ይረፉ፤ እኔንም ይቅር ይበሉኝ። በተጠየቅሁ ቀን ያልተናገርሁትን ይኸው ዛሬ ጻፍሁት። ወረቀት እንደማይናገር ግን ነግረውኝ ነበር።