ሁለት ድግስ በአንድ ጥንስስ

አባቴ በሞተ በዓመቱ የቤታችን የሣር ክዳን በስብሶ አለቀ። እሱ በነበረበት ጊዜ በየበጋው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የላላውን ያጠብቅ፣ የሻገተውን እየነቀለ በአዲስ ይተካ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የሚወጣ አልነበረም። ቤታችን ከዘንገና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ መንደር ውስጥ ነው። በዚያ አገር ዝናብ አንዴ ከጀመረ እስከ መስቀል አያባራም።

እኔ ዳንግላ ቤት ተከራይቼ የምማር ልጃገረድ ነበርኩ። ስንቄን እናቴ በገበያተኛ ትልክልኛለች። ለአባቴ ሙት ዓመት ግንቦት ላይ ስመለስ ጣሪያውን ከሩቅ አየሁት። ዙሪያው ጠቁሮ፣ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ነበር።

እናቴን ቆጣቢ ነበረች ብቻ ማለት ያንስባታል። ግምጃ ቤት ገበያ የምትወርደው ሌላው ሰው ሲመለስ ነው። ሻጭ ሸክሙን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ከሚመለስ ቢያረክስ ይሻለዋል ትላለች። ምራቂ ሳይጨመርላት ከሻጭ ፊት ተነሥታ አታውቅም። በርበሬ ብትገዛ አንድ እፍኝ፣ ጨው ብትገዛ አንድ ስባሪ ታስጨምራለች። ነጋዴዎቹ ስለሚያውቋት ገና ከሩቅ ሲያዩዋት፣ «መጣች ደግሞ! ምራቂውን እንሽጥላትና ዕቃውን እንመርቅላት» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ግን አትነሣም።

ክብሪት የሚጫረው እሳት የጠፋ እንደሆነ ነው። በእሷ ቤት ደግሞ እሳት አይጠፋም፤ ማታ በአመድ አዳፍናው ጠዋት ትቆሰቁሰዋለች። ባዶ የላምባ ቆርቆሮ ከባለሱቅ ለምና አምጥታ ውኃ ትቀዳበታለች። ድንች የተቀቀለበት ውኃ ለጥጃ ነው። ከሁሉ የምትወደው አንዱን ነገር ለሁለት ማዋል ነበር። እህል ጭና ገበያ የወረደች አህያ ባዶዋን ስትመለስ ካየች፣ አህያዋ የጎረቤት ብትሆን እንኳ ያንገበግባታል።

የዚያ ዓመት እህል ግን ለሁለት የሚውል አልሆነም። ከጎተራው ዘሩና የክረምቱ ቀለብ ሲነሣ የሚተርፈው ለአንድ ድግስ ብቻ ነው። የሚጠብቁን ሁለት ነበሩ። አንደኛው የአባቴ ሙት ዓመት ነው። አባቴ የብዙ ሰው ተዝካር በልቷል፤ በእኛ አገር ደግሞ የበላ ያበላል። ሁለተኛው ክዳኑ ነው። ለክዳን ደቦ መጥራት ያስፈልጋል፤ ደቦ ያለ ጠላና ያለ እንጀራ አይጠራም። ቤቱ ሳይከደን ክረምት ከገባ እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ወደ አባቴ ታናሽ ወንድም ግቢ መግባቷ ነው። እሷ ከገባች መሬቱም ተከትሏት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ትምህርቱን ትቼ የአጎቴን ሚስት ላግዝ ነው።

ሐሳቡ የመጣላት ሙት ዓመቱ በሥራ ቀን እንደሚውል ስታውቅ ነው። ሰንበት አይደለም፤ የታቦት ቀንም አይደለም።

«አንድ ጥንስስ ነው የምጠነስሰው» አለችኝ፣ ብቅሉን እያሰጣች። «ጠዋት ይከድናሉ። ሲጨርሱ ተዝካሩን አቀርባለሁ። ያው ሰው ነው የሚመጣው።»

«ያው ሰው ቢሆንም እኮ...»

«ሁለት ቀን ባበላው ሁለት ሆድ ያወጣል?»

የነፍስ አባታችንን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዳመጧት።

«አንች ሴትዮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከእኔም ምራቂ ልታወጭ ነው የመጣሽው?»

«ከእርስዎ አይደለም አባቴ፤ ከቀኑ ነው።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ፍትሐቱን እኔ ማልጄ አደርሳለሁ፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። ጣሪያውን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም፣ አልከለከለችም። ከጎረቤቶችሽ ጋር ተመካከሪ።»

እናቴ የሰማችው «አልከለከለችም» የሚለውን ነው። ከጎረቤት አልተመካከረችም። ለጎልማሶቹ «ለክዳን ማልዳችሁ ኑልኝ» ብላ ላከች። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ «እኩለ ቀን ላይ ለሙት ዓመት» አለች። ልታታልል አልነበረም። ሁሉንም እንደየሥራው መጥራቷ ነበር፤ ቀኑ እሷ እንዳሰበችው ቢሄድ ኖሮ ክዳኑና ተዝካሩ አይገናኙም ነበር።

ጠዋት ጉም ወረደ። በእኛ ሰፈር ጉም ሲወርድ በረቱ ከቤቱ አይታይም። ሣሩ ረጥቦ፣ የጣሪያው ቀርቀሃ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። የደቦው ሰዎች ጉሙ እስኪገፈፍ እሳት እየሞቁ ጠበቁ። ከዚያ አሮጌውን ሣር ገፈው ጨረሱና አዲሱን ጀመሩ። ክዳን ከታች ከጠርዙ ተጀምሮ ዙሪያውን እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል፤ የመጨረሻው ጉልላቱ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገና ከወገቡ አላለፉም።

ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንም። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በመካከሉ ይሰዳደባሉ።

«ሣሩን አቀብሉ እንጅ! እናንተ ከታች ጠላውን ነው የምትጠብቁት?»

«አንተ ከላይ ሆነህ ጋኑን እያየህ ነው! እኛ ሽታው ብቻ ነው የደረሰን!»

ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከአጥሩ በር ሲገቡ ሳቁ ገና አልበረደም ነበር። ከፊት የነበሩት የአባቴ ወዳጅ፣ በመንደሩ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡ ጎረቤታችን ናቸው። ቆም ብለው ጣሪያውን አዩ።

«የማን ሠርግ ነው?» አሉ።

ዘፈኑ ቆመ። እናቴ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸውና ወደ ዳሱ አስገባቻቸው። እንጀራው ቀረበ። እኔ ጠላ ቀጂ ነበርኩ። የደቦው ሰዎችም ጠምቷቸዋልና እየወረዱ መጡ፤ ፀጉራቸው ላይ ብትን ሣር እንዳለ ከዳሱ ደጃፍ ቆሙ። ጣሪያው ላይ የቀሩት ሁለቱ የአጎቴ ልጆች ብቻ ናቸው።

በእኛ ዘንድ ለሙት የተጠመቀ ጠላ ሲጠጣ «ነፍስ ይማር» ይባላል። የደቦ ጠላ የሚጠጣ ደግሞ ቤቱን ይመርቃል፤ ያሙቀው፣ ያሰንብተው ይላል። ከሁሉ በፊት ትልቁ ሰው መርቆ ይቀምሳል፤ ከዚያ በፊት ዋንጫ የሚነካ የለም። ለሽማግሌው ሞልቼ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ከፍ አደረጉት፤ ሊመርቁም ከንፈራቸውን አላቀቁ። ግን ዓይናቸው ከጣሪያው ወደ ደጃፉ ሰዎች፣ ከሰዎቹ ወደ ዋንጫው ሄደ።

«ይህ ጠላ የማን ነው?» አሉ ለእናቴ።

«የወዳጅዎ ነው፣ አያ።»

«የወዳጄ ከሆነ እነዚህ ምን ብለው ሊጠጡት ነው? የእነዚህ ከሆነ ደግሞ እኔ ምን ልበል? በአንድ ዋንጫ ሙትም ጣሪያም መርቄ አላውቅም።»

«ጣሪያውም የወዳጅዎ ነው።»

«ሙት ጣሪያ አይሻም፣ ልጄ።»

«ልጆቹ ይሻሉ።»

ከደጃፉ አንዱ ጎልማሳ «እኛ ደግሞ ጠላ እንሻለን!» አለ። የሳቀለት አልነበረም። ሽማግሌው ዋንጫውን ሳይቀምሱ ቀስ ብለው ከእግራቸው አጠገብ አኖሩት። በቁጣ አልነበረም፤ ሊጠጡት ፈልገው አፋቸው እንቢ ያላቸው ይመስሉ ነበር። «እኔ ለወዳጄ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እጸልያለሁ» ብለው ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሌሎቹም ተነሡ። ዳሱ ውስጥ የነበረው አጎቴም ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ለልጆቹ በአገውኛ «ውረዱ» አላቸው። የደቦው ሰዎች ትልቅ ሰው ያልቀመሰውን መቅመስ አልቻሉም። ማጭዳቸውን ሰብስበው ሲወጡ አንዱ ለሌላው «ዋጋችንን አያ ይዘውት ሄዱ» ሲለው ሰማሁ።

እናቴ በዳሱ መካከል ቆማ ቀረች። ከአጥሩ ውጭ በየተዝካሩ የማይጠፉት ነዳያንና የቆሎ ተማሪዎች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

«ለእነዚያ ቅጅላቸው» አለችኝ።

በሉ፣ ጠጡ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ። የአባቴ ሙት ዓመት በዚህ ዓይነት ወጣ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ የሽማግሌውን ዋንጫ ከመሬት አነሣችና ደጅ ወጥታ ደፋችው። የድንች ውኃ የማትደፋ ሴት መሆኗን ስለማውቅ ወደ ሌላ በኩል ዞርኩ።

ዝናቡ ሳምንት አልቆየም። ክዳኑ ዙሪያውን ደህና ስለሆነ እኛ ግድግዳውን ተጠግተን ተቀመጥን። ውኃው ግን በክፍቱ አናት በኩል ወርዶ መካከሉ ላይ፣ ምድጃው ላይ ወረደ። እናቴ አመድ ጨመረችበት፣ ሰፌድ ከደነችበት። አመዱ ጭቃ ሆነ፤ በእናቴ ቤት እሳት ጠፋ።

በማግስቱ አጎቴ መጣ። ዝናቡ ያቆረውን ውኃ አይቶ ምንም አልነቀፈም። «ልጆቼ ዛሬውኑ ይጨርሱታል» አለ። «አንች ደግሞ ወንዝ ዳር ያለውን መሬት ለእኔ ስጭኝ፤ የእኩል አርሼው እህሉን እንካፈላለን። ግቢዬ ግቢ አላልኩሽም።»

መጥፎ ሰው አልነበረም። ልጆች አሉት፤ መሬት ጠቦታል። እናቴ ምራቂ አልጠየቀችም፣ አልተከራከረችም። «እሺ» አለች። ያለ ክርክር ስትስማማ ያየኋት ያኔ ነው።

የአጎቴ ልጆች ጣሪያው ላይ ሳሉ እናቴ የገል ስባሪ ሰጥታኝ እሳት እንዳመጣ ላከችኝ። ቅርቡ ቤት የሽማግሌው ነበር። እሳቸው ራሳቸው ፍም እየመረጡ ገሉ ላይ አኖሩልኝ።

«ክብሪት የላችሁም?»

«አለ። እናቴ አትጭርም።»

«አውቃለሁ፣ አትጭርም» አሉ። ሌላ ፍም እያነሡ፣ «ምነው ከዚያ ቀን አስቀድማ በነገረችኝ! የወዳጄን ቤት በሌላ ቀን ሰው ይዤ መጥቼ እከድንላት ነበር። ያለ ጠላ» አሉ።

«አጎቴ እያስከደነው ነው» አልኳቸው።

«በምን?»

ነገርኳቸው። ፍሙን መምረጥ ተዉና እጃቸውን አራገፉ። «እንግዲህ ቃል ገብታለች» አሉ።

ለእናቴ ያሉትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ገሉን ተቀብላ ደረቅ ጭራሮ ፈለገች፤ እፍ እያለች እሳቱን አነደደችው። ከላይ ጉልላቱን ሲያስቀምጡ ውስጡ ጨለመ።

ወደ ዳንግላ ተመለስኩ። ቤቱ የእናቴ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ትምህርቴን ቀጠልኩ። የወንዝ ዳሩ እህል ግን ከዚያ ወዲያ ለሁለት ይከፈል ስለነበር ስንቄ ከገበያ ገበያ አያደርሰኝም ነበር፤ በሶ በጥብጬ የምውልባቸው ቀኖች በዙ። ሽማግሌው እናቴን በመንገድ ሲያገኟት እንደ ቀድሞው ሰላም ይሏታል፤ እሷም ጎንበስ ትላለች። ስለ ጣሪያው አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

የደቦው ሣርና የአጎቴ ልጆች ሣር የተገጣጠሙበት ቦታ በየክረምቱ ያፈስ ነበር። እናቴ ከሥሩ የላምባ ቆርቆሮዋን አኖረች። ሲሞላ ለጥጆቹ ትሰጣለች፤ መልሳም እዚያው ታኖረዋለች። ለዕረፍት በሄድኩ ቁጥር አየው ነበር። በኋላ በበጋ እንኳ፣ ቆርቆሮው ለውኃ ወንዝ በወረደበት ሰዓት፣ በምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ የእሱ አራት ማዕዘን ምልክት ጎድጉዶ ይታይ ነበር።