አሜን ያላልኩበት ሰልፍ

ከኪራሙ ተፈናቅለን ነቀምቴ ስንገባ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየንና በአቅራቢያችን ካለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። እዚያ ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ተረኛው መምህር በኢየሱስ ስም ይጸልያል፤ ተማሪው «አሜን» ይላል። አብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ ማንም ነገሬ አይለውም። እኔ ግን የወሎ ሰፋሪ ልጅ፣ ሙስሊም ነኝ። ዝም ብዬ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተረኛ ነበርና አየኝ። በሰልፉ ፊት ጠራኝ።

«አንቺ፣ አፍሽ ምን ሆነ?»

«ጸሎቱ የእኔ አይደለም፣ ቲቸር። ማንንም አልረበሽኩም።»

ተማሪዎቹ ከኋላዬ ሳቁ። «ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ።

አባቴ ማሳውን ጥሎ የመጣ ሰው ነው፤ ጠብ አይፈልግም። «አሜን ብትዪ ምን ይጎድልሻል?» ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። በማግሥቱ ከእኔ ጋር ቢሮ ገብቶ በኦሮምኛ ሰላምታውን አደረሰ። ምክትሉ «ኦቦ፣ ልጅዎ ሥርዓት የላትም» ሲለው ግን ወደ አማርኛው ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ ተሳድባ ከሆነ እኔው እቀጣታለሁ። ዝም በማለቷ በምን ልቅጣት? አሚን እኛም ቤት አለ። በቁጣ ግን አይወጣም።»

«እንግዲያው ጸሎቱ እስኪያልቅ ከበር ውጭ ትቁም።»

አባቴ ሳይመልስ ቀደምኩት። «አልቆምም። እኔም ተማሪ ነኝ፤ ቦታዬ ሰልፉ ውስጥ ነው።»

የዜግነት ትምህርት መምህራችን እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እውነትሽን ነው።» ከዚያ ወደ ምክትሉ ዞሩ። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት የለውም እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። በምን ፊቴ ነው ነገ ክፍል የምገባው?»

ምክትሉ ወረቀቶቹን ያገላብጥ ጀመር። እኛም ወጣን። በሩ ላይ አባቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

የዜግነት መምህሩ ተራ ሲደርስ «ሁላችሁም በየልባችሁ» አሉና ዝም አሉ። አንዳንዱ አጉረመረመ። ሌሎቹ መምህራን እንደ ድሮው ቀጠሉ፤ እኔን ግን የሚጠራኝ ጠፋ። ክፍል ውስጥ ግትር የሚሉኝ ነበሩ። ይበሉ። ከሰልፉ መሃል ወጥቼ ከፊት መቆም ጀመርኩ፤ ማየት የፈለገ እንዲያየኝ።