አሜን ያለው ወንድሜ አልተፈወሰም

ወንድሜን ሳይፈወስ ተፈውሷል አላችሁብኝ። ከዚህ መድረክ ላይ፣ በዚሁ ማይክ። የተበደልኩት ይህንን ነው፤ ምስክርነቴም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ በጌታ ስም ሰላም ማለት ነበረብኝ፤ መጨረሻ ላይ እላችኋለሁ። በወረቀት ጽፌ የመጣሁት ማንም ተነሥቶ «ባጭሩ፣ ባጭሩ» እንዳይለኝ ነው። ጽሑፌ ጠማማ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ትጠብቁኛላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ለማ እባላለሁ። ሮቤ እህል ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ተሸክሜ ያገኘሁትን በአረቄ እጨርስ ነበር፤ ቀና ብሎ ያየኝን ሰው እማታ ነበር። ከዚያ ያወጣኝ ታናሽ ወንድሜ ገመቹ ነው። ሰብኮኝ አይደለም። ምሳ ሰዓት ላይ ጆንያው ላይ ያስቀምጠኝና ፊደል ያስቆጥረኛል።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሀ ሁ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰከረ ከሚሉህ ተማረ ቢሉህ ምን ትሆናለህ?» ይለኛል።

በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል ጆንያው ላይ የተጻፈው «ስንዴ» የሚለው ነው። ከዚያ የጌታን ቃል ራሴ ማንበብ ጀመርኩ፤ አንብቤ አመንኩ። ጌታ ይባረክ! እዚህ ላይ አሜን በሉ፣ ይሄ እውነት ነው።

ገመቹ በመኸር ጊዜ የጋሽ ንጉሤ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ላይ ይሠራ ነበር። ጋሽ ንጉሤ እዚያ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ይሄን ድምፅ ማጉያ የሰጡን እሳቸው ናቸው። አምና ታኅሣሥ፣ አጋርፋ በኩል፣ ማሽኑ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሻገር ገመቹን ላዩ ላይ እንደያዘ ቦይ ውስጥ ገባ። ወንድሜ ድንጋይ ላይ በአናቱ ወደቀ።

ጎባ ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ሐኪሙ እኔንና የገመቹን ሚስት አስቴርን አስቀምጦ እንዲህ አለን፦ «በሕይወት መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ይሄዳል፣ ይበላል። ግን የፊተኛው የአንጎሉ ክፍል ተጎድቷል፤ ራሱን መምራት አይችልም። ሁልጊዜ አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል። ክትትሉንም እንዳታቋርጡ።» ያልዋሸን ያ ሐኪም ነው።

መጀመሪያ ላይ ደጎች ነበራችሁ፤ እሱን አልክድም። ዱቄት መጣ። ወጣቶቹ ተራ ገብተው ከገመቹ ጋር ይቀመጡ ነበር። ጋሽ ንጉሤም የመድኃኒቱን ከፍለዋል። ጌታ ይባረክ!

ከፋሲካ በኋላ ግን አገልጋይ ያሬድ መጣና «ገመቹን እሑድ አምጣልኝ» አለኝ። አመጣሁት። ክንዱን ይዤ እዚች ቦታ ቆምኩ። የወንድሜን ነገር የማታውቁ እወቁ፤ ከወደቀ ጀምሮ ለጠየቃችሁት ሁሉ መልሱ አሜን ነው። በላህ? አሜን። ራበህ? አሜን።

«ገመቹ፣ ጌታ ነክቶሃል?»

«አሜን!»

«ተፈውሰሃል?»

«አሜን!»

እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። እኔ ወደ ያሬድ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ምንም ብትለው አሜን ነው የሚለው» አልኩት። ማይኩን በመዳፉ ሸፈነና «ኦቦ ለማ፣ ጥርጥር ፈውስ ይሰርቃል። ዝም በል» አለኝ። መዳፉን አነሣና ደግሞ ሃሌሉያ አለ።

ከዚያች እሑድ ወዲህ ዱቄቱ ቀረ። «ተመስገን፣ እሱስ ተፈወሰ፤ ወደ ሌላ ችግረኛ እንዙር» አላችሁ። ወጣቶቹ ቀሩ። ለክትትል ወደ ሆስፒታል የሚሳፈርበት ገንዘብ ሲጠፋ ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆመው ምን አሉኝ?

«በገዛ ማጉያዬ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጌታ የፈወሰውን እኔ ሐኪም ቤት ልላክ? ይሄ እኮ ክህደት ነው፣ ለማ!»

ክህደት! እኔን!

አስቴር ገበያ ነጭ ሽንኩርት ትቸረችራለች፤ ሌላ ገቢ የላቸውም። አንድ ቀን እሷ ገበያ ሳለች ገመቹ ያለ ጋቢ ወጥቶ፣ ጎባን አልፎ ወደ ሳነቴ ተራራ ሽቅብ ሲሄድ አንድ ጋሪ ነጂ አገኘው። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲያ አስቴር ስትወጣ እግሩን ከአልጋው ጋር በገመድ ማሰር ጀመረች። ሳላስበው ገብቼ አየሁት። ተቀምጦ ገመዱን እየዳሰሰ ይስቃል።

ገበያ ሄጄ ጮኽኩባት። «አንቺ! ሰው እንደ ጥጃ ይታሰራል?»

ሽንኩርቷን መደርደሯን ሳታቆም «ጥጃ በሆነማ!» አለችኝ። «ጥጃ ሲጠፋ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ይፈልጋል። የኔን ባል ማን ፈለገው?»

 ወገኖቼ፣ እናንተ መልስ አላችሁ?

እዚህ መምጣት አቆምኩ። ጸሎትም አቆምኩ። አረቄ ቤቱን አይቼ ልገባ ስል፣ ጎረቤታችን ሐጂ ሁሴን ከሱቃቸው ጠሩኝ። «ያ ለማ! ና እዚህ። ፊትህ ምን ሆኗል?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። በመጨረሻም «ሐጂ፣ እግዚአብሔር ዋሸኝ» አልኳቸው።

«አስተግፊሩላህ! አፍህን ያዝ። ረቢ አይዋሽም፤ ሰው ነው በስሙ የሚዋሽ። ለመሆኑ ሽማግሌ ልከሃል?»

«ቤተ ክርስቲያን እያለን ሽማግሌ? ደግሞ እርስዎ በኛ ጉዳይ...»

«እህ! ከኮምባይነር ሲወድቅ ጴንጤ ሆኖ ነው የወደቀው? የአገር ልጅ ሆኖ ነው እንጂ። ኮምባይነሩስ የኔን ስንዴ አያጭድም? ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። አግዳሚው ላይ ሆኜ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን ካልፈወስክልኝ ፍረድልኝ» አልኩ። ከዚህ የረዘመ ጸሎት አልነበረኝም። ወገኖቼ፣ የተመለስኩት ያኔ ነው፤ መድረክ ላይ አይደለም። ጌታ ይባረክ!

ስንዴው ሲበስል ሽማግሌዎች ከሰፈራችን የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጋሽ ንጉሤ መጡ፣ ያሬድም ምስክር ሆኖ መጣ። ጋሽ ንጉሤ ተነሡና «ልጁ ተፈውሷል፣ ጉባኤ ሰምቷል። ካላመናችሁ ይኸው፣ ራሱን ጠይቁት!» አሉ።

ሐጂ ገመቹን እጁን ይዘው መሐል አስቀመጡት።

«ገመቹ ልጄ፣ ድነሃል?»

«አሜን!»

«አያችሁ?» አሉ ጋሽ ንጉሤ።

«ቆይ፣ ቆይ። ገመቹ፣ እኔ ሚስትህ ነኝ?»

«አሜን!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። ሐጂ አልሳቁም።

«ገመቹ፣ የጋሽ ንጉሤ ኮምባይነር ያንተ ነው?»

«አሜን!»

«እንግዲህ አቶ ንጉሤ፣ ይሄ ልጅ ድኛለሁ ያለው እውነት ከሆነ ኮምባይነሩም የሱ ነው። ቁልፉን ይስጡት። አይ፣ አልዳነም ካሉ ደግሞ ያሳክሙት። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።»

ሳቁ ተቆረጠ። ገመቹ ብቻ ይስቅ ነበር። ያሬድ መሬት መሬቱን አየ። ሐጂ ዞር ብለው ገበሬዎቹን «የዚህ ልጅ ነገር ሳያልቅ ኮምባይነሩን ማሳው የሚያስገባ አለ?» አሏቸው። የለም፤ ዝናብ ቢያበላሸውም በማጭድ እናጭዳለን አሉ።

ጋሽ ንጉሤ እዚያው ተስማሙ፤ ይህን የምለው ፊታቸውን እያየሁ ነው። የክትትሉንና የመድኃኒቱን ወጪ ቻሉ። በየመኸሩ ኮምባይነሩ ላይ ለሚሠራ ሰው የሚከፈለው ለገመቹ ይከፈላል፣ እስካለ ድረስ። ሰፈርተኛውም ቀን ተካፈለ፤ አስቴር ገበያ ስትውል አንድ ቤት ከገመቹ ጋር ይውላል። ዓርብን እኔ ያዝኩ፣ ሐጂ መስጊድ ናቸውና። እሑድን ሐጂ ያዙ፣ እኛ እዚህ ነንና። አስቴር ያቺት፣ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አሁን ገመቹ ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ!

ያሬድ እስከ ዛሬ ያንን «ተፈውሷል» የተባለውን ቃል ከዚህ መድረክ አልመለሰም። ስለዚህ እኔ መለስኩት። ወንድሜ አልተፈወሰም። ጌታ ግን አልጣለውም። ፊደል ያስተማረኝ ልጅ ፊደል ጠፍቶበታል፤ ዓርብ ዓርብ እኔ አነብለታለሁ። አሜን ይለኛል። ገብቶት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ ጌታ ያውቃል።

በሽተኛ ያላችሁ፣ በጌታ ታመኑ፤ እኔን አይቶኛል፣ እናንተንም ያያል። ጸልዩ። ጸሎቱ ሲያበቃ ግን «ማክሰኞን ማን ይያዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ሳትጠይቁ እልል አትበሉ።

አሁን በጌታ ስም ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ገመዱ ከወንድሜ እግር የተፈታው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ ነው።