ከበሮ ይመታል እንጂ አይጫወቱበትም

ትርጉሜ ተመረጠ! ቅዳሜ እዚህ ሆላንድ፣ አምስተልቨን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ለጃፓን ልጆች የሚነበበው ተረት እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ ጃፓንኛ የመለስኩት ነው። ዜናውን ስሰማ ሜትሮ ውስጥ እልል ብያለሁ።

ደስታው ግን ንዴቴን አላጠፋውም፤ ይኸው እየጻፍኩም ይብስብኛል።

ተረቱ ስለ መንደር በዓል ነው። አንድ ሽማግሌ ከበሮ፣ ልጃቸው ዋሽንት፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ እንደ በገና ያለ ባለ አውታር መሣሪያ ይዘዋል። እንግሊዝኛው ለሦስቱም «ተጫወቱ» ብሎ ይገላገላል። ለምርጫው አብረውኝ የተረጎሙት የጃፓንኛ ክፍሌ ልጆችም ለኳስና ለአሻንጉሊት የሚሆነውን የጃፓንኛ ግሥ አንስተው ለጠፉበት። ሽማግሌው ከበሮውን ይዘው ድብብቆሽ የገቡ ይመስላል! እኔ ታታኩ፣ ፉኩ፣ ሂኩ ብዬ ጻፍኩ፤ መታ፣ ነፋ፣ ደረደረ ማለት ነው። ምን ይከብዳል? እሁድ እሁድ ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ የምመታ ልጅ ነኝ።

የጃፓንኛ አስተማሪያችን፣ ሆላንዳዊ ነው፣ ወረቀቴን አየና «ይህን ኮምፒውተር ነው የሠራልሽ፤ ከምርጫው አወጣዋለሁ» አለኝ። ያ አልበቃው ብሎ እናቴን ጠርቶ ቤት ውስጥ አማርኛ እንድንተው መከራት። ቋንቋ ያደባልቅብኛል አሉ! እናቴም «እሺ» ብላ መጣች። እሺ!

«እሱ ምን አግብቶት?» አልኳት።

«እሳቸው በይ! አስተማሪሽ ናቸው።»

«ማማ፣ ስናደድ እሳቸው አይመጣልኝም።»

«ታዲያ አልቅሰሽ ልትተዪው ነው?»

«ኤኽት ኒት!» አልኩ በሆላንድኛ። በፍጹም!

በሚቀጥለው ትምህርት ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ «አዲስ ዓረፍተ ነገር ስጠኝ፤ እዚሁ ፊትህ ልተርጉመው» አልኩት። ኮት፣ ባርኔጣና ጫማ አድርጎ ስለሚወጣ ሰው ሰጠኝ። እንግሊዝኛው አሁንም አንድ ግሥ ብቻ! እኔ ግን በአማርኛ ለበሰ፣ ደፋ፣ ተጫማ አልኩና ሦስቱን የጃፓንኛ ግሦች ሰሌዳው ላይ ደረደርኳቸው።

«ከየት አመጣሽው?» አለ።

«ተዉት ካልከን ቋንቋ!»

«አሃ» አለ። በቃ፣ አሃ። ወረቀቴን ወደ ምርጫው መለሰው፤ ቅዳሜ ለልጆቹ የምታነብላቸው ጃፓናዊት ሴትዮም እሱን መረጠች። ለእናቴ ግን እስካሁን ይቅርታ የለ፣ ምን የለ!

ስለዚህ አማርኛ የምትናገሩ ሁሉ፣ ቅዳሜ ኑልኝ። ጃፓንኛ ባትሰሙም ግድ የለም፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። አስተማሪው ከፊት ወንበር ይቀመጣል። እናንተ ከኋላው ተቀመጡና በአማርኛ እንደልባችሁ አውሩ።